«የግል አስተያየቱ ነው»

ከድርሰት ዓይነቶች ሁሉ አጭሩ የትኛው ነው ተብዬ ብጠየቅ የፓርቲ መግለጫ ነው እላለሁ። በተለይ አንድ አባል የማይገባ ነገር ተናግሮ አገር ሲንጫጫ ፓርቲው በማግሥቱ የሚያወጣው መግለጫ። ርዝመቱ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። አንደኛው «ግለሰቡ የተናገሩት የግል አስተያየታቸው ነው» ይላል። ሁለተኛው «የፓርቲያችንን አቋም አያንጸባርቅም» ይላል። ሦስተኛው ፓርቲው ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ለሰው ልጆች እኩልነት ሲታገል መኖሩን አስታውሶ ይዘጋል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ሰውየው ምን እንደተናገረ አልተጻፈም። ማንን እንደተናገረም አልተጻፈም።

«እንዲህ ያለው ወረቀት ደግሞ ምን ሂስ ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። በበኩሌ ከብዙ ልብ ወለዶች የበለጠ ሂስ ያሻዋል ባይ ነኝ። ልብ ወለድን የሚያነቡ ጥቂቶች ናቸው፤ መግለጫውን ግን አገር ይሰማዋል። ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ መግለጫ ጽፌ አውቃለሁ። የፓርቲ ሰው ሆኜ አይደለም፤ የፓርቲ ደብተር ኖሮኝም አያውቅም። ቢሆንም ጽፌአለሁ። ወደዚያ ኋላ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ትልልቆቹ እንዴት እንደጻፉት እንይ። (የውጭ አገር ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ከእንግሊዝ ልጀምር። ኤፕሪል 20 ቀን 1968 ኢኖክ ፓውል በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ንግግር አደረገ። ፓውል ተራ ሰው አልነበረም። በ25 ዓመቱ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር የሆነ ምሁር፣ ግጥምም የሚጽፍ፣ በወግ አጥባቂው ፓርቲ የጥላ ካቢኔ ውስጥ የመከላከያ ጉዳዮች ኃላፊ ነበር። የንግግሩ ፍሬ ነገር ከእንግሊዝ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የሚመጡ ጥቁሮችና እስያውያን አገሪቱን ወደ ጥፋት እየወሰዷት ነው የሚል ነው። መደምደሚያው ላይ የጥንቱን ሮማዊ ባለቅኔ ቨርጂልን አስታውሶ ደም ስለሞላው ወንዝ ተናገረ። ንግግሩ እስከ ዛሬ «የደም ወንዞች» በሚል ስም ይታወቃል።

የፓርቲው መሪ ኤድዋርድ ሂዝ አልዘገየም። በማግሥቱ እሑድ ማታ ስልክ ደውሎ ፓውልን ከጥላ ካቢኔው አሰናበተው። ይህ በጊዜው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በዚያው ሳምንት የለንደን የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ፓውልን ደግፈው ወደ ፓርላማ ተሰልፈዋል፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያም ከአራት እንግሊዛውያን ሦስቱ ያህል ከፓውል ጋር እንደሚስማሙ ታይቷል። ሂዝ ይህን ሁሉ ተጋፍቶ ያደረገውን ማሳነስ አልሻም።

ነገር ግን የሰጠውን ምክንያት እንመልከት። ሂዝ የነቀፈው የንግግሩን ቃና ነበር። ቃናው ዘረኛ ነው፣ በሕዝቦች መካከልም ቁርሾን ያባብሳል አለ። ቃናው! አንድ የግሪክ ፕሮፌሰር በጽሑፍ አርቅቆ፣ ለጋዜጠኞች አስቀድሞ አድሎ ያነበበው ንግግር ጥፋቱ ቃናው ላይ ነው ከተባለ፣ ሐሳቡስ? ሐሳቡ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? በለሰለሰ ድምፅ ቢነገር ኖሮ ያልፍ ነበርን? ለዚህ መልስ የሰጠ መግለጫ የለም። ፓውል ሥልጣኑን ቢያጣም ከፓርቲው አልተባረረም፤ እስከ 1974 ድረስ የዚያው ፓርቲ የምክር ቤት አባል ሆኖ ኖረ፤ በመጨረሻም በሌላ ጉዳይ፣ በአውሮፓ የጋራ ገበያ ምክንያት፣ ራሱ ተለይቶ ወጣ። የሂዝ መንግሥት በ1971 ያወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ወላጁ በእንግሊዝ የተወለደ የኮመንዌልዝ ሰው እንዲገባ በሩን ከፍቶ በሌላው ላይ አጠበበው። ከወላጅ የሚቆጠረው ይህ መስፈርት ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስቀር ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። በሌላ በኩል ይኸው መንግሥት በ1972 ኢዲ አሚን ካባረራቸው የኡጋንዳ እስያውያን መካከል ከ27 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ተቀብሏል። ሁለቱንም ማንሣት ፍርድን ሚዛናዊ ያደርጋል። እኔን የሚያሳስበኝ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «የፓውል ሐሳብ በዚህና በዚህ ምክንያት ስሕተት ነው» የሚል ቀጥተኛ ጽሑፍ ከፓርቲው የሥንብት ቃል ውስጥ አለመገኘቱ ነው።

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዲሴምበር 5 ቀን 2002 የሴኔተር ስትሮም ተርመንድ 100ኛ ዓመት የልደት በዓል በዋሽንግተን ይከበር ነበር። ተርመንድ በ1948 ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ይኑሩ በሚል ዓላማ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ሰው ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲው የሴኔት መሪ ትሬንት ሎት ተነሥቶ፣ የእኔ ክፍለ ሀገር ሚሲሲፒ ያን ጊዜ ለእርሱ ድምፅ ሰጥታለች፣ እንኮራበታለን፣ የቀረው አገርም እንደኛ ቢያደርግ ኖሮ ይህ ሁሉ ችግር ባልደረሰብን ነበር የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረገ።

ነገሩ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ቀልድ ታለፈ። ኋላ ላይ ጩኸቱ ሲበረታ ሎት ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን እንደ ጽሑፍ እናንብበው፤ የቃላት አመራረጥ ጉድለት ለአንዳንዶች የተሳሳተ ግምት ሰጥቷል የሚል ነው። የቃላት አመራረጥ! ይህ እኮ የኛ የሐያሲዎች ቋንቋ ነው። ለጀማሪ ገጣሚ «ቃል አመራረጥህን አስተካክል» እንደምንለው ማለት ነው። ከዚያም «ለአንዳንዶች» የምትለውን ቃል ልብ እንበል። ጥፋቱ ከተናጋሪው አፍ ተነሥቶ ሰሚው ጆሮ ላይ አረፈ። «በተናገርኩት የተቀየመ ካለ» የሚለው የኛው ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ይቅርታም ከዚሁ ወገን ነው።

ሎት ይቅርታውን ደጋገመው። ፕሬዚዳንት ቡሽ በአደባባይ ነቀፈው። ዲሴምበር 20 ቀን ከመሪነቱ ወረደ። በዚያው ሰሞን ጋዜጦች አንድ ነገር ቆፍረው አወጡ። ሎት በ1980 በጃክሰን ከተማ በተደረገ የምርጫ ስብሰባ ላይ ስለ ተርመንድ ያንኑ የመሰለ ነገር ተናግሮ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀውም። ከመሪነት የወረደውም ለአራት ዓመት ብቻ ነው፤ በኖቬምበር 2006 የፓርቲው ሴኔተሮች 25 ለ24 በሆነ ድምፅ መርጠው ሁለተኛውን የመሪነት ወንበር መልሰው ሰጡት። እንግዲህ ያስቀጣው ምን ነበር ማለት ነው? ሐሳቡ ከሆነ በ1980ም ያው ነበር፤ በ2006ም መለወጡን ያስመረመረ የለም። ያስቀጣው መሰማቱ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁለቱ ይለያል፤ ለእኔ ከሁሉም ያሳዝነኛል። ኖቬምበር 10 ቀን 1988 የምዕራብ ጀርመን ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ፊሊፕ የኒንገር በቦን ከተማ ንግግር አደረገ። ዕለቱ ናዚዎች በ1938 የአይሁድን ምኩራቦች ያቃጠሉበት ሌሊት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ነበር። የኒንገር የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ አባል ነው። ሊያደርግ የፈለገው ከባድ ነገር ነበር። ስለ ተገደሉት ብቻ ከማልቀስ ይልቅ የያኔው ተራ ጀርመናዊ ለምን አጨበጨበ የሚለውን ለማሳየት ፈለገ። ስለዚህ በዚያ ተራ ጀርመናዊ ልብ ውስጥ ገብቶ፣ ሰውየው ራሱን ይጠይቃቸው የነበሩትን ጥያቄዎች እየጠየቀ አነበበ። አይሁዶች አልበዙም ወይ? የማይገባቸውን ቦታ አልያዙም ወይ? እንዲህ በመሳሰለው መንገድ።

ልብ ወለድ የሚያነብ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ደራሲው «ብሎ አሰበ» ሳይል የገጸ ባሕሪውን ሐሳብ በራሱ ትረካ ውስጥ ያፈሰዋል። በወረቀት ላይ ያምራል። በአፍ ሲነገር ግን ትእምርተ ጥቅስ አይሰማም። የኒንገር ደግሞ ድምፁን ሳይለውጥ፣ እንደ ሒሳብ ሪፖርት በደረቁ አነበበው። አዳራሹ የሰማው አፈ ጉባዔው በራሱ አፍ ናዚዎችን ሲያስረዳ ነው። በርካታ የምክር ቤት አባላት አቋርጠው ወጡ። በማግሥቱ ሥልጣኑን ለቀቀ። የገዛ ፓርቲው ሰዎችም ጽሑፉን እንደገና እናንብበው ብለው አልቆሙለትም።

ኋላ የሆነው ግን ትዝብት ነው። በጀርመን የአይሁዶች ማእከላዊ ምክር ቤት መሪ የነበረው ኢግናትስ ቡቢስ ከዚያው ንግግር ክፍሎችን ወስዶ በራሱ ንግግር ውስጥ አስገብቶ ተናግሯቸው ነበር፤ የተቃወመ አልነበረም። ቡቢስ ይህን ራሱ በኋላ ገልጿል። እንግዲህ ያው ቃል በአንዱ አፍ ወንጀል፣ በሌላው አፍ ትምህርት ሆነ።

የእኛ ቋንቋ ይህን ለመረዳት የተመቸ ነው። በአማርኛ የሌላውን ንግግር ስንጠቅስ «ብሎ» የምትለው ቃል የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሰው «አንተ ሌባ ነህ...» ብሎ ቢጀምር ሰሚው ጡጫውን ጨብጦ ይጠብቃል፤ «...ብሎ ሰደበኝ» ሲል ነው የሚላላው። «ብሎ» እስክትመጣ ድረስ ቃሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የኒንገር «ብሎ»ውን ሳያሰማ ተቀጣ። ፓውልስ? ፓውል የዚህ ተቃራኒ ነው። ከንግግሩ ውስጥ እጅግ መራራ የሆኑትን ነገሮች አንድ ተራ የምርጫ ክልሌ ሠራተኛ እንዲህ አለኝ፣ አንዲት አሮጊት እንዲህ እንደደረሰባት ተጻፈልኝ እያለ ነው ያቀረባቸው። የራሱን ቃል በሰው «ብሎ» ውስጥ ደበቀ። አንዱ የሌላውን ቃል ተናግሮ የራሱ መሰለበት፤ ሌላው የራሱን ተናግሮ የሌላ አስመሰለ። ከሁለቱ ማን የከፋ ነገር እንዳደረገ ለማወቅ ጽሑፉን ቁጭ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ፓርቲዎቹ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ውስጥ ፈረዱ።

ሦስቱን ምክንያቶች አንድ ላይ እናስቀምጣቸው፤ ቃና፣ የቃላት አመራረጥ፣ አነባበብ። የፖለቲካ ፓርቲ ሲጨንቀው ሐያሲ ይሆናል ማለት ነው። ያውም ስለ ቅርጽ ብቻ የሚያወራ ሐያሲ። ስለ ይዘት ካወራ «እኛስ ይህን እናምናለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና። ስለ ቃና ሲሆን ግን ጥፋቱ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው።

«ሐሳቡን መርምሮ የቀጣ ፓርቲስ የለም ወይ?» ለሚል፣ ለዚያ ቀረብ ያለ አንድ አውቃለሁ። የጀርመኑ ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አባል ቲሎ ሳራዚን በ2010 ጀርመን ራሷን እያጠፋች ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የሙስሊም ስደተኞችን መብዛትና የማሰብ ችሎታን በዘር መወራረስ ያያዘ መጽሐፍ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ፓርቲው በግልግል ዳኞቹ ፊት ከሰሰው። በ2011 ሳራዚን አንድ የማስተባበያ ቃል ሰጥቶ ነገሩ ታለፈ። ኋላ ስለ እስልምና ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ ክሱ እንደገና ተከፈተ፤ በጁላይ 2020 በመጨረሻ ተባረረ። አሥር ዓመት ፈጀ። ያዘገየው አንዱ ነገር ሕጉ ነው። የጀርመን የፓርቲዎች ሕግ አንድ አባል የሚባረረው የፓርቲውን ደንብ አውቆ ከጣሰ፣ ወይም መርሁን በጉልህ ከተላለፈና በዚህም በፓርቲው ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ብቻ ነው ይላል።

ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁለት ስሜት ይሰማኛል። አባሉ በአንድ ጀምበር እንዳይጣል መከላከሉ ያስደስተኛል። የኒንገር እንዲህ ያለ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ንግግሩ በረጋ ልብ ይነበብለት ነበር። ነገር ግን ጉዳቱ የሚለካው በማን ላይ ነው? በፓርቲው ላይ። የተሰደበው ሰው በክሱ ውስጥ የለበትም። ተበዳይ ሆኖ የቆመው ፓርቲው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክፉ የተናገረ ሁሉ ይባረር የሚል ሰው አይደለሁም። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ሁሉም አባል በአንድ አፍ የሚናገርበትን ፓርቲ አይተነዋል። ኢሠፓም ሆነ ከ1983 እስከ 2012 ዓ.ም. የገዛው ኢሕአዴግ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለውን መርሕ የያዙ ነበሩ። ከተወሰነ በኋላ የተለየ ድምፅ ማሰማት ነውር የሆነበት ቤት። በእንዲህ ያለ ቤት «የግል አስተያየቱ ነው» የሚለው ቃል ራሱ ክስ ነው፤ የግል አስተያየት መኖሩ ጥፋት ነውና። ሰው በግምገማ ላይ የሚጠየቀው ቃሉ ማንን እንደጎዳ ሳይሆን ከመስመሩ መውጣት አለመውጣቱን ነበር። ስለዚህ አፍ የሚያዘጋ ፓርቲ አልመኝም። የምመኘው የሚያነብ ፓርቲ ነው። መግለጫው ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃኛል፤ የተባለው ይህ ነው፣ የተባለው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው፣ እኛ የማንቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። አራተኛ ቢጨመርማ «ሲባል አጨብጭበናል» የሚል ነበር። የበርሚንግሃሙ አዳራሽም የዋሽንግተኑ ግብዣም ሰሚ ነበረባቸው። ተናጋሪ ብቻውን አይናገርም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እየተሰበሰብን ግጥም እናነባለን። አንድ ምሽት አንድ ወዳጃችን፣ ጨዋታ አዋቂ የሚባል ሰው፣ ተነሥቶ አንድ ቀልድ ተናገረ። ሳቅን። ከሳቅነው መካከል አንዲት ወጣት ገጣሚ አልነበረችም። ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። በሳምንቱ ወሬው ከክበባችን ውጪ ተሰማ፤ ሰዎች ይጠይቁን ጀመር። ኮሚቴው ተሰበሰበና «አንተ ብዕር አለህ» ተብሎ መግለጫው ለእኔ ተሰጠኝ።

ጻፍኩት። ግሩም አማርኛ ነበር። የአባላችን ንግግር የግል አስተያየቱ እንደሆነ፣ የክበባችንን አቋም እንደማያንጸባርቅ፣ ክበባችን ምንጊዜም የሰው ልጅን ክብር እንደሚያስቀድም ገለጽኩ። ወዳጃችን ለሁለት ወር እንዳይመጣ ተነገረው። በሦስተኛው ወር መጣ፤ ቦታ ለቀቅንለት።

ልጅቷን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ ፒያሳ፣ መጻሕፍት መሸጫ ደጃፍ ላይ። መግለጫውን አንብባው እንደሆነ ጠየቅኋት። ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም። «አነበብኩት ጋሼ፤ ጥሩ ተጽፏል» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ግን እንዲህ አለች፤ «እኔን ፈልጌ አጣሁኝ። እናቴንም አጣኋት። ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ስቀዋል።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶች። ተረቱ ለተናጋሪው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ለሰሚው የተሰጠ ተረት ያለ እንደሆነ ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁም። ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን መልስም አልመለስኩም፤ የአየሩን ሁኔታ አንሥቼ ተለየኋት።

ስለዚህ ያንን መግለጫ ዘግይቼም ቢሆን እንደገና ልጻፈው። ወዳጃችን በዚያ ምሽት «የሸክላ ሠሪ ልጅ ግጥም ከመስማታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ሸፍኑ» አለ። የተናገረው ከመካከላችን ተቀምጣ በነበረች፣ እናቷ ሸክላ ሠርታ ባስተማረቻት ገጣሚ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪውን ቡዳ ብሎ፣ በሠራው ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ እርሱን ከማዕድ ማራቅ ከአያቶቻችን የወረስነው በደል ነው፤ እውነትነትም የለውም። የግል አስተያየቱ ነው ብለን ጽፈን ነበር። የግል አልነበረም። አሥራ ሁለት ሆነን ነበር የሳቅነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።